በገበያ የተሰወረ ዋጋ በኹለት እኩልታ ስለ መገለጡ

ለመንደር ተማሪ ቤት ልጆች የተነገረ

ልጆች ሆይ፤ ሒሳብ በሰሌዳ ላይ ተጽፎ የሚቀር ትምህርት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን የእያንዳንዱ ዕቃ ዋጋ ሳይነገረው ድምሩን ብቻ ከፍሎ ከገበያ የተመለሰ ሰው፥ ገንዘቡ በምን በምን እንደ ወጣ የሚያስረዳው ከሒሳብ በቀር ሌላ የለም።

አንዲት እናት 3 ደብተርና 2 እርሳስ ገዝታ 200 ብር ከፈለች እንበል። ከዚህ ብቻ ተነሥቶ የአንዱን ዋጋ ማወቅ አይቻልም። ደብተሩ 60፥ እርሳሱ 10 ብር ቢሆን ድምሩ 200 ነው፤ ደብተሩ 50፥ እርሳሱ 25 ቢሆንም ያው 200 ነው። አንድ ምስክር ለኹለት ስውር ነገር አይበቃምና ሌላ ምስክር መፈለግ ይገባል።

በዚያው ቀን ከዚያው ሱቅ ጎረቤቷ 2 ደብተርና 5 እርሳስ በ170 ብር ገዛች። እነሆ፥ ኹለተኛው ምስክር ተገኘ። የአንድ ደብተር ዋጋ «ደ»፥ የአንድ እርሳስ ዋጋ «እ» ይባል። ፊደሉ የዋጋው ምልክት ነው እንጂ የዕቃው ስም አይደለም፤ ብዙ ተማሪ የሚሰናከለው በዚህ ነው።

3ደ + 2እ = 200
2ደ + 5እ = 170

እንግዲህ ከኹለቱ ስውሮች አንዱ እንዲጠፋ የደብተሩን ቍጥር ማስተካከል ያስፈልጋል። ፊተኛው በ2 ሲባዛ 6ደ + 4እ = 400፤ ኋለኛው በ3 ሲባዛ 6ደ + 15እ = 510 ይሆናል። ደብተሩ በኹለቱም ዘንድ 6 ስለ ሆነ፥ የ110 ብሩ ብልጫ የመጣው ከ11 እርሳስ ብቻ ነው፤ ስለዚህ አንዱ እርሳስ 10 ብር ነው። የኹለቱ እርሳስ 20 ብር ከ200 ሲነሣ 180 ይቀራል፤ ይህም ለ3 ሲካፈል የደብተሩ ዋጋ 60 ብር ይሆናል። መልሱ ደግሞ በኋለኛው ግዢ ይፈተን፤ 120 እና 50 ሲደመር 170 ነው። መልሱን ሳይፈትን የሚያስረክብ ተማሪ ብሩን ሳይቈጥር የሚቀበል ነጋዴን ይመስላል።

ከዚህ በኋላ አንዲት መበለት በዚያ ሱቅ ለ4 ደብተርና ለ1 እርሳስ 260 ብር ብትጠየቅ፥ ዋጋው ካልተለወጠ የሚገባው 250 መሆኑን ልጇ ሊያስረዳላት ይችላል። 10 ብር ለባለጸጋ ጥቂት ነው፤ ለእርሷ ግን ለልጇ አንድ እርሳስ ነው።

ይሁን እንጂ ምስክር ኹሉ አይጠቅምም። የጎረቤቲቱ ግዢ 6 ደብተርና 4 እርሳስ በ400 ብር ቢሆን ኖሮ፥ የፊተኛውን ቃል እጥፍ አድርጎ ከመድገም በቀር አዲስ ነገር ባልነገረን፥ ዋጋውም እንደ ተሰወረ በቀረ ነበር። በ390 ብር ቢሆን ኖሮ ደግሞ ምስክሮቹ ተጣልተዋል፤ ወይ ብዙ ለገዛችው ተቀንሶላታል፥ ወይ ከኹለቱ ድምር አንዱ ተሳስቷል።

ይህ ጥበብ እጅግ የቆየ ነው። በጥንት ቻይና ስለ ሒሳብ ዘጠኝ ምዕራፍ ያለው መጽሐፍ ነበረ፤ ሊዩ ሁዊ የተባለው ሊቅም በአውሮፓ አቈጣጠር በ263 ዓመት ትርጓሜ ጽፎለታል። በስምንተኛው ምዕራፉ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይገኛል፤ 5 በሬና 2 በግ 10 ሊያንግ ወርቅ ያወጣሉ፤ 2 በሬና 5 በግ 8 ሊያንግ ወርቅ ያወጣሉ፤ የአንዱ በሬና የአንዱ በግ ዋጋ ስንት ነው? ሊያንግ የሚባለው የቻይና ሚዛን ነው። ተማሪው ከላይ በተነገረው መንገድ ይሥራው፤ መልሱ ሙሉ ቍጥር ባይሆንለትም አይደንግጥ፤ በሬው 34/21፥ በጉ 20/21 ሊያንግ ነው።