በክረምት የትኛው ደሴት?

የዛሬው ርእሳችን ሞንሱን ነው። ሞንሱን ማለት ወቅት ጠብቆ አቅጣጫውን የሚለውጥ ነፋስ ነው። እስቲ ታይላንድን እንውሰድ። በነሐሴ ሞንሱን ከደቡብ ምዕራብ፣ ከሕንድ ውቅያኖስ እርጥበት ተሸክሞ ይመጣል። መቼም ዶፍ ከነፋስ ጋር ሲወርድ አይታችኋል። የቤቱ አንዱ ግድግዳ ይበሰብሳል፤ ከጀርባ ያለው ግን ደረቅ ነው፤ ዶሮዎቹም የሚጠለሉት እዚያ ነው። እንግዲህ በምዕራብ በኩል ያለችው የፉኬት ደሴት ዝናብ የሚመታው ግድግዳ ናት። ሆቴሉ ይረክሳል፣ እውነት ነው። ግን ማዕበሉ ይበረታል፤ ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ ደግሞ መዋኘት አይታሰብም። ሌላዋ ደሴት ኮ ሳሙይስ? እሷ ከዋናው ምድር ተራሮች ጀርባ፣ በታይላንድ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ናት። ስለዚህ በነሐሴ እሷ ትሻላለች፤ ካፊያ ባይጠፋም። በኅዳር ግን ሞንሱን ከሰሜን ምሥራቅ ይነፍሳል። ያኔ የምትበሰብሰው ሳሙይ ናት፤ የፉኬት ሰማይ ደግሞ መጥራት ይጀምራል።