ሳይቃጠል በቅጠል



ዛሬ ስለ ቤት ውስጥ እሳት እንነጋገራለን። እኛ ተማሪዎች እሳት ማንደድን ልናስተምራችሁ አልመጣንም፤ እሱን ከእኛ ይበልጥ እናንተ ታውቁታላችሁ። የምንነጋገረው እሳቱ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ፣ ማታ ስንተኛ እንዴት አድርገን እንደምንተወው ነው።

ጎጆ ከተማና በዙሪያዋ ያለው የጀልዱ አገር ደጋ ነው። ገብስና ድንች የሚበቅልበት፣ ብርዱ አጥንት የሚሰብር አገር ነው። ስለዚህ እሳት ለወጥ መሥሪያ ብቻ አይደለም። ሽማግሌው የሚሞቀው፣ ሕፃኑ የሚታጠበው፣ የራሰው ልብስ የሚደርቀው በእሳት ነው።

ታዲያ አንድ ነገር ልብ እንበል። ከኅዳር ጀምሮ ሌሊቱ ውርጭ ይሆናል፤ እኛም እሳት እናበዛለን። በዚያው ጊዜ በክረምት ዝናብ ርሶ የቆየው የሣር ክዳን ይደርቃል፤ ነፋሱም ይነሣል። እሳት የምናበዛበትና ቤቱ በቀላሉ የሚያያዝበት ወቅት አንድ ነው ማለት ነው።

የሣር ክዳን አንዴ ከተያያዘ ጎረቤት ውሃ ቀድቶ እስኪመጣ አይጠብቅም። ቤቱን በደቦ መልሶ መሥራት ይቻላል። ለመጪው ክረምት የተቀመጠው ዘር ግን ከነደደ ምን ይዘራል? የተኛ ሕፃንንስ ማን ይመልሰዋል? አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው። እሳት ትንሽ ሳለ በቅጠል ይጠፋል፤ ካደገ በኋላ ወንዝም አይበቃውም።

ከምድጃው እንጀምር። እናቶቻችን ማታ ፍሙን በአመድ ያዳፍናሉ። ጠዋት እሳት ፍለጋ ጎረቤት እንዳይሄዱ ነው፤ ጥሩ ብልሃት ነው። አደጋ የሚመጣው እንጨቱ ግማሹ ከምድጃው ውስጥ፣ ግማሹ ከውጭ ሲተው ነው። ሌሊት ቀስ እያለ ይነድና ጫፉ ወደ ውጭ ይወድቃል። አጠገቡ ጭድ ወይም መኝታ ካለ ያያይዛል። ስለዚህ እንጨቱን አውጥተን ጫፉን አፈር ውስጥ ቀብረን እናጥፋ። ፍሙን በአመድ አልብሰን የተሰበረ ምጣድ እንክደንበት። ዶሮ ቢጭረው፣ ነፋስ ቢገባ ፍሙ አይበተንም።

በምድጃው ዙሪያ እስከ ጉልበት የሚደርስ የጭቃ ግንብ ብንሠራ ደግሞ ድክ ድክ የሚል ሕፃን እሳት ውስጥ አይወድቅም። የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት ስላለው ድንገት ቦግ ይላል፤ ነበልባሉ ክዳኑን እንዳይነካ በጥቂት በጥቂቱ እናንድደው። ጠዋት የሚጠረገውን አመድም ከጭድ ክምር አጠገብ አንድፋው። በውስጡ ፍም ተደብቆ ሊያድር ይችላል።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይምሰላችሁ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1666 በለንደን ከተማ በአንድ ዳቦ ጋጋሪ ቤት ሌሊት እሳት ተነሣ። ቤቶቹ የእንጨት ነበሩ፤ ነፋስም ነበር። እሳቱ ለአራት ቀን ያህል ነድዶ ከ13,000 በላይ ቤቶች በላ። ከዚያ በኋላ ነው የከተማዋ ቤቶች በጡብና በድንጋይ እንዲሠሩ የታዘዘው።

አሁን ወደ ከሰል እንምጣ። ከሰል ፍም ሲሆን ጭሱ ይጠፋል። ሰውም «አሁን ጭሱ አልቋል» ብሎ ወደ መኝታው ያስገባዋል። ለብርዱ ሲል በሩን ይዘጋል፣ ስንጥቁን በጨርቅ ይወትፋል። ነገር ግን ከፍሙ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ይወጣል። ይሄ መርዝ አይታይም፣ አይሸትም፣ አያስልም። በደማችን ውስጥ የንጹሕ አየርን ቦታ ይይዛል። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያስመልሳል፤ ቀጥሎ ሰውነት ይከብዳል። የተኛ ሰው ይህን ሳያውቅ እንደተኛ ይቀራል። ቤተሰቡ ሁሉ ባንድ ጊዜ ራሱን ካመመው በሽታው ምች ነው አንበል። በር እንክፈት፣ ሁሉንም ወደ ውጭ እናውጣ፣ ፈጥነን ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ። ከሰል ቤት የሚያሞቀው በር ተከፍቶ፣ ሰው ነቅቶ ሳለ ነው። ከመኝታ በፊት ማንደጃው ወደ ውጭ ይውጣ።

ኩራዝ የምትጠቀሙም አላችሁ። ላምባ የሚሞላው በቀን፣ ኩራዙ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ቤንዚን ፈጽሞ አይጨመርበት፤ ይፈነዳል። ማታ መጽሐፍ ይዛችሁ እንቅልፍ ሲመጣባችሁ መጀመሪያ ኩራዙን አጥፉ፤ ንባቡ ለነገ ይደርሳል። የፀሐይ መብራት ማግኘት የሚችል ሰው ግን ከኩራዝ ቢገላገል ይሻለዋል።

ከተማ ያላችሁ ደግሞ የኤሌክትሪክ ምድጃ አላችሁ። መብራት ድንገት ሲሄድ ምድጃው እንደተከፈተ ይረሳል። ሰው ገበያ ይሄዳል፤ መብራቱ ሲመለስ ምድጃው ባዶ ቤት ይግላል። ስለዚህ መብራት በሄደ ቁጥር ምድጃውን ከሶኬት እንንቀል። ልብስም በላዩ አናድርቅ።

ይህ ሁሉ ሆኖ እሳት ቢነሣስ? መጀመሪያ ሰው ይውጣ፣ ቀጥሎ ከብት። ለዕቃ ብሎ ወደ ውስጥ የሚመለስ አይኑር። ጭስ ወደ ላይ ስለሚወጣ ዝቅ ብለን እየዳኽን እንውጣ። በላምባ የተነሣ እሳት ላይ ውሃ አይደፋም፤ አፈር ይጣልበት። ልብሱ የተያያዘ ሰው አይሩጥ፤ መሬት ላይ ይንከባለል። የተቃጠለ ገላ ላይ ቅቤ፣ ሊጥ ወይም ጭቃ አይቀባም። ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ እናፍስበት፤ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነን ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው።

የእሳት አደጋ መኪና ባለበት ከተማ እንኳ እሳት ካደገ ያስቸግራል። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መርካቶ ሸማ ተራ የተነሣው እሳት ብዙ ሱቆችን አውድሟል። መኪናው ወደማይደርስበት መንደር ስንመጣ መድኃኒቱ አስቀድሞ መጠንቀቅ ብቻ ነው።

እንግዲህ አሁን መጻፍ ችላችኋል። እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በወረቀት ጽፋችሁ በሩ አጠገብ ለጥፉ። ከልጆቹ አንዱ ማታ ማታ ጮክ ብሎ ያንብባቸው፤ ትልልቆቹ ይመልሱ።

1. ፍሙ ተዳፍኖ ተከድኗል?
2. የከሰሉ ማንደጃ ወጥቷል?
3. ኩራዙ ጠፍቷል?

መልሱ ለሦስቱም «አዎ» ከሆነ በሰላም እደሩ።