እሳት ያላየው ሸክላ

ሴት አቅራቢ፦ በአየር የሚደርቅ ጭቃ ለቤት ማስጌጫ ይበቃል እላለሁ፤ ወሰኑን ግን ማወቅ ይገባናል። ሸክላ ከ600 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲተኮስ ባሕርዩ ይለወጣል፤ ተመልሶ ጭቃ አይሆንም። በአየር የሚደርቀው ግን የሚጠነክረው ውኃው ስለተነነ ብቻ ነው፤ ሲርስ ይላላል። ስለዚህ ለግድግዳ ጌጥና ለቀለበት ማስቀመጫ እንጂ ለምግብ ዕቃ አይሆንም።

ወንድ አቅራቢ፦ መሰንጠቁስ? ደግሞስ ጎንደር አጠገብ፣ ወለቃ ላይ፣ የቤተ እስራኤል ሴቶች በእሳት እየተኮሱ ያስከበሩትን ጥበብ አያራክስብንም ትያለሽ?

ሴት አቅራቢ፦ የሚሰነጠቀው ሳይመጣጠን ሲደርቅ ነው። ውፍረቱን እኩል አድርገን፣ ከፀሐይ አርቀን፣ እያገላበጥን ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ብንተወው ችግሩ ይቀንሳል። ጥበቡንም አያራክስም፤ አንዲት ትንሽ ሳህን ለማቅናት የታገለ እጅ፣ ለዘመናት የተናቀችውን ሸክላ ሠሪ ማክበር ይጀምራል።