«ይበቃኛል» የማለት ነፃነት

(በሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ነፃነት ሲባል ወዲያው ትዝ የሚለን በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ የተገኘው ድል ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን አገሩ ነፃ የሆነ ሰው ሁሉ እርሱ ራሱ ነፃ ነውን? በዘመናችን ነፃነት ማለት የወደዱትን መርጦ መግዛት ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እኔም እንደዚሁ አስብ ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝ በቤታችን የደረሰ ነገር ስለ ሆነ አስቀድሜ እርሱን እነግራችኋለሁ።

አምና ጓደኞቼ የያዙትን ዓይነት ስልክ ካልያዝሁ ከሰው በታች የሆንሁ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ እናቴን ቀንና ሌሊት ነዘነዝኋት። እርስዋ ጉሊት ተቀምጣ ሽንኩርትና ቲማቲም እየሸጠች፣ ለጣራችን ማደሻ ብላ ዕቁብ ትጥል ነበር። ዕጣው በደረሳት ጊዜ ገንዘቡን ለእኔ ሰጠችኝ። ስልኩን ገዛሁ፤ ደስታዬ ግን ከሁለት ሳምንት አላለፈም፤ በሌላ ልጅ እጅ ከእርሱ የተሻለ አየሁና። ክረምት ሲገባ ጣራችን አፈሰሰ። እናቴ አንድም ቃል ሳትናገር ሳፋ አምጥታ ጠብታው ከሚወርድበት ላይ ስታስቀምጥ አየኋት። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስልኩን በነፃ ፈቃዴ የመረጥሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የመረጠልኝ የጓደኞቼ ዓይን ኖሯል።

እንግዲህ መድኃኒቱ ምንድር ነው? አንዳንዶች «መንግሥት ቢከለክል ይሻላል» ይላሉ። መንግሥት የውጭ ምንዛሪ ስላጠረ በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. 38 ዓይነት ዕቃዎች በባንክ ምንዛሪ እንዳይገቡ ከልክሎ ነበር፤ ክልከላውም በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ተነሣ። እንዲህ ያለው ሕግ ለአገር ሀብት ጥበቃ ሊረዳ ይችላል፤ ነገር ግን ዕቃን ከወደብ ቢያስቀር ምኞትን ከልብ አያወጣም።

ሌሎች ደግሞ «ሰው ባለው ይርካ» ይላሉ። ይህም ብቻውን አይበቃም። በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው በከተማችን ኢንዱስትሪ ፓርክ እኅቶቻችን ለውጭ ገበያ ልብስ ይሰፋሉ። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ በ2011 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት የኢትዮጵያ የልብስ ስፌት ሠራተኛ መነሻ የወር ደመወዝ 26 የአሜሪካ ዶላር ያህል ነበር። ከዚህ ላይ የቤት ኪራይና ምግብ ሲነሣ ምን ይተርፋል? የምትሰፋውን ሸሚዝ ለመግዛት አቅም የሌላትን ልጅ «ይበቃኛል በይ» ብሎ መምከር ነውር ነው። «ይበቃኛል» ለማለት አስቀድሞ የሚበቃ ነገር ሊኖር ይገባል። ስለዚህ የሠራተኛ ተገቢ ዋጋም የነፃነት ጉዳይ ነው።

ለእኛ ግን የሚበላና የሚለበስ ላለን የቀረን ሥራ ከራሳችን ጋር ነው። ለዚህም ትምህርት ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበውን የሲዳማን የዘመን መለወጫ፣ ፍቼ ጨምበላላን እንመልከት። በዚያ በዓል ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የተዘጋጀው ምግብ በኅብረት ይበላል፤ ልጆችም ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ የእንኳን አደረሳችሁ ሰላምታ ሲያቀርቡ ይመገባሉ። ማን ምን ስልክ ይዞ መጣ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ጓደኞቼ ሆይ፤ አንድ ዕቃ ስታምራችሁ «ማንም ባያየኝ ኖሮ ይህን እፈልገው ነበርን?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ወላጆቻችን ሆይ፤ «የለኝም» ማለት አያሳፍራችሁ፤ እውነቱን ብትነግሩን የምንረዳ ልጆች ነን።

እኔም ስልኩን ከገዛሁበት ዋጋ ባነሰ ሸጥሁት። ገንዘቡ ለጣራው ቆርቆሮ እኩሌታ ብቻ በቃ። የቀረውን ለመሙላት ቅዳሜ ቅዳሜ ከእናቴ ጋር ጉሊት እቀመጣለሁ። መጀመሪያ የክፍሌ ልጆች ሲያልፉ ፊቴን እሰውር ነበር፤ አሁን ግን ስማቸውን እየጠራሁ ቲማቲም እሸጥላቸዋለሁ።