የፈጠራ መብት ሲያበቃ መድኃኒቱ ይደርሳልን?
ከካላ አዛር ሕክምና የሚገኝ ትምህርት



የአንድ መድኃኒት የፈጠራ መብት ዘመን ሲያበቃ ሌሎች ፋብሪካዎች ያንኑ መድኃኒት በጄኔሪክ ስሙ ሠርተው በርካሽ ያቀርባሉ የሚለው አስተሳሰብ የተለመደ ነው። ብዙ ገዢ ላላቸው የደም ግፊትና የስኳር በሽታ መድኃኒቶች ይህ በአብዛኛው እውነት ነው። በይበልጥ ድሃውን ለሚያጠቃ በሽታስ? ለዚህ ጥያቄ የጎንደር ልምድ በቂ መልስ ይሰጣል።

እንደሚታወቀው ከዳባት፣ ከደባርቅና ከወገራ ደጋ በየዓመቱ ብዙ ሠራተኞች ለሰሊጥና ለማሽላ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ቆላ ይወርዳሉ። በዚያም የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው ካላ አዛር ይጠብቃቸዋል። በሽታው ካልታከመ ገዳይ ነው። ብዙዎቹ ትኩሳትና ያበጠ ጣፊያ ይዘው ሲመለሱ የሚታከሙት በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ባለው የሌይሽማንያሲስ ምርምርና ሕክምና ማዕከል ነው።

ዋነኛው መድኃኒት ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት ከ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታወቀ ነው። ሆኖም የሚከለክል መብት ከቀረ ከብዙ ዓመታት በኋላም የታመነበት ፔንቶስታም የተሰኘው ውድ የእንግሊዝ ምርት ነበር። የካልካታው አልበርት ዴቪድ ፋብሪካ የሚያመርተው ርካሽ ጄኔሪክ ተቀባይነት ያገኘው፣ ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን በሱዳንና በሁመራ ሁለቱን ጎን ለጎን አወዳድሮ እኩልነታቸውን ካረጋገጠ በኋላ ነው። የሁመራው ጥናት በ2001 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ጥንቃቄው ከንቱ አልነበረም፤ በ1998 እ.ኤ.አ. ከሕንድ በወጣ ዘገባ አንድ ጉድለት ያለበት የዚሁ ዓይነት መድኃኒት ሎት በሕሙማን ልብ ላይ ከባድ ጉዳት ማድረሱ ተገልጿል። ስለሆነም የጎደለው ፈቃድ ሳይሆን ማረጋገጫ ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌ አምቢሶም ነው። አምፎተሪሲን ቢ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የተገኘ አሮጌ መድኃኒት ቢሆንም፣ በሊፖሶም ውስጥ ሲገባ ለኩላሊት ይበልጥ የሚስማማ ይሆናል። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ጄኔሪክ በአሜሪካ የተፈቀደው በታኅሣሥ 2021 እ.ኤ.አ.፣ ዋነኛው መብት ካበቃ ከዓመታት በኋላ ነው። ከ100 ናኖሜትር ያነሰችውን ሊፖሶም በትክክል መሥራትና እኩልነቷን ማስመስከር እጅግ አስቸጋሪ ነውና። በ2011 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅትና ጊሊያድ ኩባንያ የተፈራረሙት የልገሳ ስምምነት ብዙ ነፍስ አድኗል፤ ነገር ግን በነፃ ለሚሰጥ መድኃኒት ተወዳዳሪ አምራች በቀላሉ አይነሣም፤ ልገሳውም የለጋሹን ፈቃድ ይጠብቃል።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 123 የፈጠራ መብትን ለ15 ዓመት ወስኖ ለ5 ዓመት እንዲራዘም ፈቅዷል። ለወገራው ሠራተኛ ግን የዘመኑ ቁጥር ብቻውን ፈውስ አያመጣም። ፓሮሞማይሲንም መብቱ ያለፈ አሮጌ አንቲባዮቲክ ነበር። በምሥራቅ አፍሪካ፣ ጎንደርንም ጨምሮ፣ ከስቲቦግሉኮኔት ጋር ተጣምሮ ሲጠና ግን የ30 ቀኑን ሕክምና ወደ 17 ቀን አሳጠረ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2010 እ.ኤ.አ. ደገፈው። ለቀን ሠራተኛ 13 ቀን ትልቅ ሀብት ነው።

እንግዲህ የመብት ማብቃት በሩን ይከፍታል እንጂ መድኃኒቱን ተሸክሞ አያስገባም። የሚያስገባው የባለሙያው ሥራ ነው፦ ፍላጎትን አስቀድሞ መተመን፣ አቅራቢዎችን በጊዜ መመዝገብ፣ እያንዳንዱን ሎት መመርመር፣ በቆላው ሙቀት መድኃኒቱን በሚገባ ማስቀመጥ። ይህ ሳይሟላ ሲቀር በደጋው መንደር የሚለቀሰው፣ መድኃኒቱ ሳይኖር ቀርቶ ሳይሆን ሳይደርስለት በቀረ ሰው ነው።