ከዋሽንግተን እስከ ቦሌ፦ በአየር ላይ ሶምና ሰላት



በረመዳን ልጆቻቸውን ጠይቀው ከአሜሪካ የሚመለሱ እናቶችና አባቶች ዘንድ የሚነሳ ጥያቄ አለ፦ አውሮፕላን ላይ የምናፈጥረው በየትኛው ሀገር ሰዓት ነው?

ከዋሽንግተኑ ደለስ አየር ማረፊያ እስከ ቦሌ 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በቀጥታ ሲበረር 13 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ቲኬቱ ላይ ያለው ሰዓት ግን የየሀገሩ ስለሆነ ያሳስታል። ለምሳሌ በበጋቸው ወራት ከጠዋቱ 5 ሰዓት የተነሳ ሰው በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ቦሌ ይደርሳል። ሲቆጠር 20 ሰዓት ይመስላል፤ 7ቱ የሁለቱ ሀገሮች የሰዓት ልዩነት ነው። ወደዚያ ሲኬድ ደግሞ መንገዱ ይረዝማል። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ለሙሉው መንገድ የሚበቃ ነዳጅ የጫነ አውሮፕላን ለመነሳት ይቸገራል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ በመንገድ አርፎ ይቀዳል።

ወደ ምሥራቅ የሚበር ሰው ከጸሐይ ጋር ተቃራኒ ስለሚጓዝ ቀኑ ያጥርበታል። አትላንቲክ ላይ ጸሐይ ስትጠልቅበት፣ ዋሽንግተን የሸኙት ልጆቹ ገና ሶም ላይ ናቸው። እሱ ግን ያፈጥራል። ዑለማዎች እንዳስረዱት መለኪያው ሶመኛው ባለበት ቦታ የጸሐይዋ መጥለቅ ነው፤ የተነሳበትም የሚደርስበትም ከተማ ሰዓት አይደለም። ከታች፣ መሬት ላይ ያለው ሰው ካፈጠረ በኋላም ከ10 ኪሎ ሜትር ከፍታ ጸሐይዋ ልትታይ ትችላለች። ያን ጊዜ በመስኮት እያዩ እስክትጠልቅ መጠበቅ ነው።

ሌሊቱም ያጥራል። ሱብሒ አውሮፕላኑ ላይ ይገባል፤ መስኮቱ ተዘግቶ፣ መብራቱ ጠፍቶ ሁሉም ሲተኛ ብዙ ሰው የሚያልፈው ይህ ሰላት ነው። ዙህርና ዐስርን በሻፊዒይ መዝሀብ አጣምሮና አሳጥሮ መስገድ ይቻላል። በሐነፊይ ማሳጠሩ እንጂ ከሐጅ ውጭ ማጣመሩ የለም። መቆምና ቂብላን መቅጣጨት የቻለ ቆሞ ይስገድ፤ መተላለፊያው ሰፋ ያለበትን ቦታ አስተናጋጆቹን መጠየቅ ነውር የለውም።

የሚያሳስበን ስኳር ያለባቸው እናቶች ነገር ነው። «ተቀምጬ ለምሄደው ምን ድካም አለው?» ብለው ሶማቸውን ይዘው ይሳፈራሉ። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራ 185ኛው አንቀጽ ለበሽተኛም ለመንገደኛም ፈቅዷል፤ የመንገዱን ምቾት መስፈርት አላደረገም። ንጋት ከወጣ በኋላ ጉዞ ለጀመረ ሰው በዚያው ቀን ማፍጠር ይፈቀድ እንደሆነ መዝሀቦች ይለያያሉ፤ ሶሙ የሚጎዳው ሕመምተኛ ግን በሕመሙ ምክንያት ፈቃድ አለው፣ በኋላም ቀዳ ያወጣል። ከመሳፈሯ በፊት ሐኪሟን አማክሯት። መድኃኒቷንም በእጅ ቦርሳዋ መያዟን እዩላት፤ ከሻንጣ ጋር የተጫነ ኪኒን ቦሌ እስኪደረስ አይገኝም።