ሳኦል ለምን ልብሱን ለወጠ? ስለ አለመታዘዝና ስለ ባዕድ አምልኮ የተደረገ ንግግር



ከወረታ ወደ ጎንደር የተጓዘ ሰው የፎገራን ሜዳ ያውቀዋል። ርብና ጉማራ ወደ ጣና ሲወርዱ በክረምት ሞልተው ይተኙበታል። ዛሬ ያ ውኃ ሩዝ ያበቅላል፤ እኔ ልጅ ሳለሁ፣ ሩዝ ገና ሳይስፋፋ፣ ውኃው የሚታወቀው በማስፈራቱ ነበር።

ያሳደገችኝ አክስቴ ጾም የማትሽር፣ ማርያምን በየወሩ የምትዘክር ሴት ነበረች። ክረምት ሲገባ ግን በቤታችን ለቆሌው ገብስማ ዶሮ ይታረድ ነበር። የንስሐ አባቷ በደጅ ብቅ ሲሉ ጨሌውን ከነሙዳዩ ከጎታው ኋላ የምደብቀው እኔ ነበርሁ። ዛሬ ስለ ባዕድ አምልኮ ስናገር የምነሣው ከዚያ ጎታ ነው። ስለ ጣዖት ስናስተምር ስለ እግዚአብሔር ቅናት አብዝተን እንናገራለን፤ አማኙ ስለሚደብቀው ነገር ግን ጥቂት እንላለን። ጉዳቱ የሚጀምረው ከዚያ ይመስለኛል።

የሳኦልን ታሪክ እንመልከት። አማሌቅን ፈጽሞ እንዲያጠፋ ታዝዞ ሳለ ንጉሡን አጋግንና የተመረጡትን በጎችና በሬዎች አተረፈ። ሳሙኤል ሲመጣ ትእዛዙን ፈጽሜአለሁ ብሎ ተቀበለው፤ የከብቶቹ ድምፅ ግን ከኋላው ይሰማ ነበር። የሰባ በሬ ማረድ ምን ያህል እንደሚያሳሳ ለፎገራ ሰው መንገር አያሻም፤ ሳኦል ግን መሳሳቱን አላመነም፣ ለመሥዋዕት ነው አለ። አለመታዘዙ የአምልኮ ልብስ ለበሰ። በምላሹ ውስጥ እግዚአብሔርን የሳሙኤል አምላክ እንጂ የራሱ አምላክ ብሎ እንዳልጠራው አስተውሉ። ሳሙኤል እምቢተኝነትን ከጥንቆላና ከጣዖት አምልኮ ጋር ያስተካከለው በዚህ ጊዜ ነው፤ በአካባቢው አንድም የተቀረጸ ምስል አልነበረም።

ምስሉ ባይኖርም መንገዱ ተከፍቶ ነበር። ፍልስጥኤማውያን በሱነም ሲሰፍሩ ሳኦል ጠየቀ፤ በሕልምም፣ በኡሪምም፣ በነቢያትም መልስ አጣ። ያን ጊዜ መናፍስት ጠሪዎችን ከአገር ያባረረው ንጉሥ ልብሱን ለውጦ በሌሊት ወደ ዓይንዶር ሄደ። ሴቲቱ ስትፈራ ቅጣት እንዳያገኛት የማለላት በእግዚአብሔር ስም ነው። ይህን በቀልድ አናልፈው። በአገራችንም ወደ ጠንቋይ ቤት የሚሄደው ሰው ማተቡን አይበጥስም፤ ነጠላውን ተከናንቦ ነው የሚሄደው። ስሙን አልተወም፤ ተሰውሮ የሚጠራው ስም ሆነበት እንጂ።

ድብቁን በኃይል ማውጣት ይቻላልን? ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1426–1460 ዓ.ም.) ሞክሮታል። ክርስቲያኖች የሥላሴን ስም በግንባራቸው፣ የሰይጣንና የደስክ ክህደትን በክንዳቸው ጽፈው እንዲይዙ አዘዘ። ክሱ እስከ ገዛ ልጆቹ ደረሰ፤ በቅጣቱ የሞቱም አሉ። ዜና መዋዕሉ የሐሰት ከሳሾች እንደ ነበሩ ይመሰክራል። ንጉሡ ሃይማኖት ያልነበረው ሰው አልነበረም፤ መጻሕፍቱ ሌላ ይናገራሉ። ነገር ግን ሰው ቆሌውን ስለ ፈራ ዶሮ ካረደ፣ ንጉሡን ስለ ፈራ ግንባሩ ላይ ቢጽፍ፣ ፍርሃቱ ባለቤት ለወጠ እንጂ አልወጣም። ልጁ በእደ ማርያም ሲነግሥ እስረኞችን መፍታቱ ለእኔ ብዙ ይነግረኛል።

አክስቴ በእርጅናዋ ለንስሐ አባቷ ሁሉን ተናገረች፤ ቀኖናዋንም ፈጸመች። ከዚያ በኋላ ስጠይቃት፣ የዶሮውን ነገር መናገር ያን ያህል እንዳልከበዳት አጫወተችኝ። ቃል ያጣችው «ልጁን አስደበቅሁት» ለማለት ነበር።

መድረኩን ለጥያቄዎቻችሁ እተዋለሁ።